ከበረዶ ሣጥን ጋር ወደ ዱብቲ

ከዱብቲ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። ሙቀቱማ እንደሚወራው ነው፤ አልጨምርበትም፣ አልቀንስለትም። እኔን የገደለኝ መንገዱ ነው። እኔ ተመልሻለሁ፣ ወገቤ ግን እስካሁን ገዋኔ አካባቢ ያለ ይመስለኛል። ወደዚያ የመሄድ ዕድል ለማይገጥማችሁ፣ ቢገጥማችሁም «ይቅርብኝ» ለምትሉ፣ የሆነውን ከመነሻው እስከ መድረሻው እጽፋለሁ።

የሄድኩት ለአንዲት ዛፍ ነው። ዕፅዋት በሚጠኑበት አንድ መሥሪያ ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ። ዛፏ በታችኛው አዋሽ ዳር የምትበቅል ናት፤ የአካባቢው ሰው መራራ ቅርፊቷን ቀቅሎ ቁስል ያጥብበታል፣ አራስ ያጥብበታል። አፋሮቹ የሚጠሩበትን ስም ምላሴ እንቢ ስላለኝ እኛ «መራሯ» እንላታለን። ጫካው ለጥጥ ተመነጠረ፤ የተረፈውን መድኃኒት ፈላጊው ላጠው፤ በመጨረሻ የምናውቃት አንዲት ብቻ ቀረች። ብቻዋን የቀረች ዛፍ ደግሞ አትወልድም፤ ፍሬዋን ሰብረን ስናየው ውስጡ ባዶ ነው። ቅርንጫፏን ቆርጠን አፈር ላይ ብንተክል ደረቀብን።

የቀረን አንድ መንገድ ነበር። ከቅርንጫፏ ጫፍ ገና ያልተፈታ እምቡጥ ወስዶ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቁራጭ አውጥቶ፣ ብልቃጥ ውስጥ ስኳርና ማዕድን ያለበት ጄሊ ላይ ማሳደግ ነው። ቁራጯ ስታድግ ትከፈላለች፣ የተከፈለችውም ስታድግ ትከፈላለች፤ ከአንዲት እምቡጥ ጫካ ይወጣል ይላሉ መጻሕፍቱ። እኛ ጋ እስካሁን የወጣው ሻጋታ ነው። በዓይን የማይታይ አቧራ ከገባ ብልቃጡ በጥቂት ቀን ነጭ ጥጥ ለብሶ ይጠብቃችኋል። ባለፈው ዓመት በሰው እጅ ያስመጣናቸው እምቡጦችም መንገድ ላይ በሙቀት በስብሰው ደረሱ። ስለዚህ ዘንድሮ፣ ግንቦት ላይ፣ ክትባት የሚመላለስበትን የበረዶ ሣጥን ተውሼ እኔው ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ሾፌራችን ጋሽ ተሰማ ናቸው። በዚህ የአሰብ መንገድ ላይ ወጣትነታቸውን የጨረሱ፣ ላንድሮቨሩን እንደ ግትር በቅሎ እየተሳደቡና እያባበሉ የሚነዱ ሰው ናቸው። የይለፍ ወረቀታችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ስንወጣ ብርድ ስለነበረ ሹራብ ደርቤአለሁ። ናዝሬት ላይ ሹራቡን አወለቅሁ። መተሐራ ላይ፣ ያ የተቃጠለ የሚመስለው ጥቁር ድንጋይ ሲጀምር፣ ለምን እንደያዝኩት ገረመኝ።

አንድ ኬላ ላይ አስወረዱን። ጠባቂው ልብሴን አልነካም፣ ብልቃጦቼን ግን አየ። ተቀቅለው፣ ታሽገው፣ እምቡጥ የሚጠብቁ ብልቃጦች ናቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የተክል ምግብ ነው፣ ጓድ።»

«ተክል ከመቼ ወዲህ ነው በብልቃጥ መብላት የጀመረው?» አለና እኔ «አይከፈትም!» እስክል ድረስ አንዱን ከፍቶ ጣቱን ነክሮ ላሰ። «ይጣፍጣል!» ብሎ ለጓደኛው አቀበለው። ሁለተኛውን ሲያነሣ ጋሽ ተሰማ በጣም ተረጋግተው፣ «ጓድ፣ እኔ አልከለክልዎትም። ግን የላሰ ሰው ከጆሮው ቅጠል ያበቅላል ይባላል» አሉት። ጠባቂው ሳቀ፤ ሆኖም ብልቃጡን መለሰው። ጥቂት ከሄድን በኋላ ጋሽ ተሰማ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያዩ፣ «ጆሮውን ሲዳብስ አየሁት» አሉኝ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የደረስነው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ከገደሉ የሚወጣው ነፋስ እንኳ ትኩስ ነው፤ እኛ ደብረ ብርሃን ነፋስ ሲመጣ በር ይዘጋል፣ እዚህ ነፋስ ሲመጣ በር ይከፈታል፣ ጥቅሙ ግን አልታየኝም። ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት፣ ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ ከሸዋ የመጡ እናት ናቸው። ሣጥኔ ውስጥ ያለው በረዶ ግማሹ ውኃ ሆኖ ስላገኘሁት በጋዝ በሚሠራው ማቀዝቀዣቸው እንዲያድሱልኝ ለመንኳቸው። ከባቡሩ የሚወርደው መንገደኛ የሚጠጣውን ለስላሳ በሙሉ አውጥተው መሬት ላይ ደረደሩና የእኔን አስገቡ።

«ኧረ እማማ፣ ገበያዎ!» አልኩ።

«ለስላሳ ቢሞቅ ማን ይሞታል፣ ልጄ? ያንቺ ነው ሟች» አሉ።

አልጋዬ ግቢው ውስጥ ተዘርግቶልኝ ተኛሁ። ተኛሁ ማለቴ ጋደም አልኩ ነው።

ሁለተኛው ቀን

ስለዚህ ቀን ብዙ ባልጽፍ ይሻላል፤ ራሱ ብዙ አልነበረውም፣ ረጅም ብቻ ነበር። ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ግራር፣ የአሰብ ከባድ መኪናዎች፣ እንደገና ግራር። አገሬ ላይ አንድ ኮረብታ ስትዞሩ ሌላ መንደር ይመጣል፤ እዚህ መንደሩን ከሩቅ አይታችሁ ስትደርሱበት ታረጃላችሁ። ጎማ ፈነዳ። ጋሽ ተሰማ ሲቀይሩ እኔ ጥላዬን በሣጥኑ ላይ እያጠላሁ ቆምኩ፤ ለራሴ የሚተርፍ ጥላ አልነበረኝም።

ገዋኔ ምሳ በላን። የፍየል ጥብሱ ጥሩ ነበር፣ ፓስታው ግን ከእኛ ቀድሞ ደክሞታል። ሎጊያ ስንደርስ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ አለ።

ሎጊያ ያስተናገደችን ዘይነባ ትባላለች፤ የወሎ ሴት ናት፣ ከባቲ ከባሏ ጋር ወርዳ ትንሽ ሆቴል የከፈተች፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ። ስታየኝ ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ አላለችም። በሣፋ ውኃ አምጥታ እግሬን አስነከረችኝ።

«አብሽሪ እህቴ፣ የዚህ አገር መንገድ መጀመሪያ እግርን ነው እሚቀበል» አለችኝ። «ለመሆኑ ምን አጥተሽ መጣሽ?»

ነገርኳት። ቅርፊቷን ስገልጽላት ወዲያው አወቀቻት። «ያቺን ዛፍ? እኔም ሁለት ልጅ ስወልድ በሷ ነው ያጠቡኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ገበያም አትመጣ። የሚያውቃት ሁመድ ነው፤ ጧት እጠራልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ሦስተኛው ቀን

ሁመድ ሽማግሌ አፋር ናቸው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አማርኛቸው አጭርና ቀጥ ያለ። ዕቅዴን አስረዳኋቸው፦ ዛሬ ዛፏን አይቼ እመለሳለሁ፣ ነገ ማለዳ አየሩ ሳይግል እምቡጡን እቆርጣለሁ፣ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ። እምቡጥ በቀትር ከተቆረጠ ይጠወልጋልና። ጥሩ ዕቅድ ነበር።

ከሎጊያ እንደወጣን ሰመራ የሚሉትን ሜዳ ተያያዝነው። ከተማ እንዳይመስላችሁ፤ ጠጠርና ነፋስ ነው። ያም ሆኖ ሰው ይገኝበታል፣ ሰው በተገኘ ቁጥር ደግሞ ሁመድ «አቁም» ይላሉ። ይወርዳሉ። ከመንገደኛው ጋር እጅ ይነካካሉ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ይቀመጡና ይጀምራሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋ። ዳጉ ይሉታል። ሁለት አፋር ተገናኝቶ ዜና ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ማለፍ ነውር ነው። እኛ አገር «እንዴት አደርክ» ብሎ መልሱን ሳይሰሙ ማለፍ ይቻላል፤ እዚህ መልሱ ነው ሰላምታው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ላይ ሰዓቴን አየሁ። ሦስተኛው ላይ መኪናው ውስጥ እንደ ድንች ስቀቀል ንዴቴ አፌ ላይ ደረሰ። ጋሽ ተሰማ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው፣ «ተያቸው። የእኛ ራዲዮ በሰዓቱ ይዘጋል፣ የእነሱ አይዘጋም» አሉኝ።

ሦስተኛው መንገደኛ ግመል የሚነዳ ሰው ነበር። ሁመድ ከእሱ ተነሥተው ሲመጡ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«የጥጥ እርሻው ዶዘር ወደ ቦዩ ዞሯል» አሉ። «ዛፏ ያለችበት ነው።»

«ማን አለ?»

«እሱ አይቷል። ትናንት ከቦዩ ማዶ ነበር፣ ዛሬ ከቦዩ ወዲህ ነው። ነገ ዛፏ ጋ ይደርሳል የሚለውን ሰማ እንጂ አላየም።»

የተናደድኩበት ወሬ ነው ያዳነኝ። ጥሩው ዕቅዴ እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ፤ በቀትር፣ በእሳት ውስጥ፣ ወደ ዱብቲ ከነፍን።

የጥጡ እርሻ ሲጀምር አረንጓዴው ዓይን ያማል። መልከ መልካም ነው፤ አልዋሽም። መራሯ ከቦዩ ዳር፣ ገና ካልተመነጠረው ቁጥቋጦ መካከል ቆማለች። ትልቅ ዛፍ ጠብቄ ነበር። ቁመቷ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ቅርፊቷ ተልጧል፣ ቅጠሏ ጥቂት ነው። ከወዲያ የዶዘሩ ጩኸት ይሰማል። ጋሽ ተሰማ ሄደው የእርሻውን ሰዎች ለመኑ፤ «ለአንዲት ዛፍ ዕቅድ አይታጠፍም፣ አገሪቱ ጥጥ ያስፈልጋታል» ተብለው ተመለሱ። አገሪቱ ጥጥ እንደሚያስፈልጋት እኔም አውቃለሁ።

እምቡጥ ያለባቸውን ጫፎች እየመረጥኩ ቆረጥኩ። ሁመድ ቅርንጫፉን ወደ እኔ ዝቅ አድርገው ይይዙልኛል፤ ራሳቸው ግን አልቆረጡም። ስጨርስ፣ «እናቴን በእሷ አጠቡ፣ ሚስቴንም በእሷ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጆቿን ወሰድሽ። ዜናቸውን ላኪ» አሉኝ።

«ደህና ከሆኑልኝ እልካለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደሱ አይደለም። ደህና ባይሆኑም ትልኪያለሽ። ያየሽውን አየሁ በይ። የሰማሽውን ሰማሁ በይ። የተመኘሽውን አትጨምሪ። የሚጨምር ሰው ከኛ ጋር ዜና አይለዋወጥም።»

ወደ ሎጊያ በሮ መመለስ ነበር። እምቡጦቹን አጥቦ ብልቃጥ ውስጥ ማስገባት ነፋስና አቧራ የሌለበት ክፍል ይፈልጋል። ዘይነባ የራሷን መኝታ ቤት ለቀቀችልኝ፤ ወለሉን በውኃ አረሰረሰች፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈነች። በግንቦት፣ ሎጊያ ውስጥ፣ የተደፈነ ክፍል! የአልኮል መብራት አበራን፣ አፋችንን በጨርቅ አሰርን፣ እምቡጡን በበረኪናና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አጠብኩ። ከግንባሬ አንዲት የላብ ጠብታ ብልቃጥ ውስጥ ብትወድቅ አለቀ። ዘይነባ ከጎኔ ቆማ በሻሿ ጫፍ ላቤን ስትጠርግ ዋለች። አንዴም እንዳትናገር አስጠንቅቄያት ስለነበረ በዓይኗ ብቻ ታበረታታኛለች። የመጨረሻውን ብልቃጥ አሽጌ ስንወጣ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ያ አላህ! ይህን ያህል ዝም ብዬ ኖሬ አላውቅ» አለች፤ ድካሜ እንዳለ ሳቅኩ።

አራተኛው ቀን

በማለዳ ተነሣን። ዘይነባ ከሱቅ ከሱቅ ለምና ያገኘችውን በረዶ ሣጥኑ ውስጥ ጨመረችልኝ፣ ለመንገድ ሙፎ ዳቦ ጠቀለለችልኝ፣ ሂሳብ ሳነሣ ተቆጣች። ሁመድ ሊሸኙን መጥተው፣ ከእኛ ቀድሞ ሊሄድ በተዘጋጀ ከባድ መኪና ላይ ከተሳፈረ አንድ አፋር ጋር ቁጭ ብለው ዳጉአቸውን ይዘዋል። በዚህ ጊዜ አልተናደድኩም፤ ደክሞኝ ስለነበረም ይሆናል።

ገዋኔ ሳንደርስ የሞተሩ ቺንጋ ተበጠሰ። ትርፍ ቺንጋ የለንም፤ ጋሽ ተሰማ ሳምንት ሙሉ ጠይቀው ዕቃ ግምጃ ቤት «የለም» ብሏቸዋል። መንገድ ዳር ቆመን ለሚያልፍ ሁሉ እጅ ስናወዛውዝ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ብርድ ልብስ በመጠጥ ውኃችን አርሼ ሣጥኑን ሸፈንኩት። ሲደርቅ እንደገና አረስኩት። በኋላ ውኃውም አለቀ። ሣጥኑን ከፍቼ ላየው ፈራሁ፤ ሳነቃንቀው የሚሰማኝ የበረዶ ኳኳታ አልነበረም፣ ውኃ ነው። እዚያ አስፋልት ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ለዛፏም ለወገቤም ነው፣ የቱ እንደሚበልጥ አልጠየቅሁም።

በመጨረሻ አንድ የአሰብ ሾፌር ቆመ፤ ልኩ ትንሽ የሚሰፋ ቺንጋ ሰጠንና ጋሽ ተሰማ እያባበሉት፣ እኔ እየጸለይኩ፣ እየተንቀራፈፍን ገዋኔ ገባን። ከከተማዋ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት በእጇ እያስቆመች መንገድ መካከል ገባች። ለስላሳ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከኋላዋ ሱቋ ደጃፍ ላይ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር አለ።

«የዛፏ ሰዎች እናንተ ናችሁ?» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«በጧቱ መኪና ያለፈ አፋር ነግሮኝ ሄደ። ዛፍ የጫኑ ይመጣሉ፣ በረዷቸው አይደርስም አለ። የሁመድ ዜና ነው ሲል አመንኩት። ይኸው ማቀዝቀዣዬን አራግፌ ጠበቅኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ዘገያችሁ።»

ጆንያውን ስትፈታ በረዶ ነበር። እኔ አገር ግንቦት ላይ በረዶ ከሰማይ ወርዶ ባቄላችንን ሲያጠፋ ገበሬው ያለቅሳል። እዚህ በረዶ አይቼ በደስታ አለቀስኩ፤ ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ዳጉ ሲባል ዝም ብዬ መኪና ውስጥ የተቀቀልኩባቸው ሰዓታት ሁሉ እዚያ ጆንያ ውስጥ ተከፈሉኝ።

አዋሽ አድረን በማግስቱ አዲስ አበባ ገባን። ዝናብ ነበር። ጭቃውን አይቼ ስሜው ልለፍ ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

ብልቃጦቹን መብራት ያለበት መደርደሪያ ላይ ደረደርኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ጥጥ ለበሰ። ከዚያ ሌላው። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ሲመጣ ይሞቃል፤ የቀሩትም አንዱ ከሌላው እየተቀባበሉ ጠቆሩ። ጠዋት ጠዋት የሞተ እያወጡ መጣል እንዴት እንደሚያደክም ለእናንተ ማስረዳት አልችልም። መጨረሻ ላይ አንዲት ቀረች። አረንጓዴ ናት፣ ሥር ግን የላትም።

ጋሽ ተሰማ ለሌላ ሥራ ወደ ሎጊያ ሊሄዱ ሲሉ፣ «ለሁመድ ምን ልበላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «በዝተዋል ይበሏቸው» ልል ምንም አልቀረኝም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ለስላሳቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ማቀዝቀዣቸውን አራግፈው፣ ዘይነባ ላቤን ጠርጋ! ግን የተመኘሽውን አትጨምሪ ተብያለሁ። «አንዲት ብቻ ቀርታለች፣ ሥር አላወጣችም። ይህን አየሁ ብላለች ይበሏቸው» አልኩ። አፍሬ ነበር።

ሲመለሱ የሁመድን መልስ አመጡ። ጋሽ ተሰማ ቃሉ እንዳይጠፋባቸው መንገዱን ሙሉ ሲደጋግሙት መጥተዋል። ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ዛፏን ዶዘሩ ጣላት። ይህን አየሁ። አንዲት ልጅ አለቻት። ይህን ሰማሁ።»

ሌላ ቃል የለውም። መልእክቱን ሰምቼ ወደ ብልቃጧ ሄድኩ። እንግዲህ በዓለም ላይ ያለችው መራሯ፣ እኛ እስከምናውቀው ድረስ፣ ያቺ ከጥፍሬ የማትበልጥ ነገር ናት።

ጋሽ ተሰማ ነገ እንደገና ወደ ሎጊያ ይሄዳሉ። ዛሬ ጠዋት ብልቃጧን ወደ መስኮቱ አንሥቼ ሳይ ከግንዷ ታች ነጭ ክር የመሰለ ነገር ጄሊው ውስጥ ወርዷል። ሥርም ነጭ ነው፣ ሻጋታም ነጭ ነው። ጥቂት ቀን ካልቆየ አይለይም። ጋሽ ተሰማን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ሥር አወጣች ልበላቸው?» አሉ።

«የለም። ነጭ ነገር አየች ይበሏቸው። ሌላ እንዳይጨምሩ።»

ብልቃጧን ሳይሆን እኔን ትንሽ አዩኝ። «አንቺስ? የደስታሽን ነገር ልንገራቸው፣ ወይስ እሱም ምኞት ነው?»

«እሱንማ አይተውታል» አልኳቸው። «ያዩትን ይበሉ።»